በጠረጴዛዎ ላይ ስለተቀመጠችው የናስ መክደኛ

ለክቡር የመድን ድርጅቱ የካሳ ጥያቄዎች መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎ፣ ከቢሮዎ በር ጀርባ ያለችው ያቺ የፕላስቲክ አበባ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? በተለይ የደም ግፊትዎን ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ቢሮዎ በቀረብኩ ጊዜ ክኒን እንድታመጣልዎት የላኳት ጸሐፊዎ ቶሎ ባለመመለሷ ሲበሳጩ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጤናዎ ያሳስበኛል። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ እኛን ደንበኞችዎን ማን «አይከፈልም» ይለናል?

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ በመጻፌም እንዳይቀየሙኝ። ያን ዕለት ሲያሰናብቱኝ «ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለውኝ ነበር፤ ጽሑፉ በፖስታ ይታሸግ ወይስ አይታሸግ ግን አልነገሩኝም። እኔ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ የታዘዝኩትንም ቃል በቃል የምፈጽም ሰው በመሆኔ ጻፍኩት፤ ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ለእርስዎ ብቻ ማስነበቡ ንፉግነት መስሎ ተሰማኝ።

የምለምንዎት ነገር አንድ ብቻ ነው። መምሪያዎ በሰጠው ውሳኔ ላይ የቤተሰባችን ጀልባ ውሃ የገባባት «በአሽከርካሪዋ ቸልተኝነት» ነው ተብሎ ተጽፏል። አሽከርካሪዋ ባለቤቴ ናት። ያንን ቃል ሰርዘው በምትኩ «መክደኛዋን አልረሳችም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከነማኅተሙ እንዲጽፉልን እማጸናለሁ። ስለ ካሳው እንደ ሕሊናዎ ያድርጉ፤ ሕሊናዎ ፈቃድ ላይ ከሆነም እስኪመለስ እንጠብቃለን። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል የምለማመጠው ለምን እንደሆነ ይገባዎት ዘንድ ግን፣ ድርጅትዎ ለቤተሰባችን የዋለውን ውለታ ከመጀመሪያው ጀምሮ መዘርዘር ግድ ይለኛል።

አንደኛ፣ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ያጠራቀምናትን ይዘን የመጀመሪያዋን የቤተሰብ ጀልባ ልንገዛ ስንነሳ፣ ስለ ጀልባ የምናውቀው በውሃ ላይ እንደምትሄድ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ድርጅትዎ የሚያድለው ባለቀለም በራሪ ወረቀት እጃችን ገባ። በፊት ገጹ ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ከጀልባ ጫፍ ላይ ቆመው ያለ ምንም ምክንያት ይስቃሉ፤ አንዳቸውም የመንሳፈፊያ ጃኬት አልለበሱም። ከሥራቸው «ለእርስዎ የሚስማማዎትን ጀልባ ይምረጡ፤ የቀረውን ለእኛ ይተዉት» ይላል። ከዚህ የጠለቀ ምክር ከየት ይገኛል? እኛም የሚስማማንን ፍለጋ ወጣን፤ የቀረውንም እንደ ታዘዝነው ለእናንተ ተውነው።

ጀልባ ሻጩ ደግ ሰው ነው። ልጃችን «ባህሪዋ ነው» የሚል ስም አውጥታለታለች፤ የየትኛዋንም ጀልባ ጉድለት ብታሳየው መልሱ ይኸው ስለሆነ። ጭሷ ወደ ውስጥ ይገባል ሲባል ባህሪዋ ነው፤ ወለሏ ይንቋቋል ሲባል ባህሪዋ ነው። መጀመሪያ ያሳየን ቀጭኗንና ፈጣኗን ነበር። ባለቤቴ በዚያ ፍጥነት እየሄደች ለመቆም ምን ያህል ርቀት እንደምትፈልግ ስትጠይቀው፣ ይህን የጠየቀ ገዢ እስከ ዛሬ ገጥሞት እንደማያውቅ በአድናቆት ነገራት። ሁለተኛዋ ጣሪያዋ ሳይቀር መስታወት የሆነ ሙሽራ ነገር ነበረች፤ እናቴ መኝታ ክፍሏን ልታይ ገብታ በጠባቧ በር ለመውጣት የእኔም የሻጩም ጉልበት ስላስፈለጋት፣ ከወጣች በኋላ ለረጅም ሰዓት ሁለታችንንም አላነጋገረችንም። ሦስተኛዋ ያገለገለች፣ ሆደ ሰፊ፣ አካሄዷ የረጋ፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ትንሽ ምድጃና በር ያለው መጸዳጃ የነበራት ናት። እናቴ ከዳር ቆማ ካየቻት በኋላ «ይቺ እንኳ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጥድፊያ አታውቅም» አለች። ገዛናት፤ ስሟም ነፍሰ ጡሯ ሆኖ ቀረ።

ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን፣ ሌላው ሰው አጨማዶ የሚጥለውን፣ ያንን ፊደሉ ጉንዳን የሚያህል ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር የምታነብ ሴት ናት። የጀልባዋንም መመሪያ እንዲሁ አነበበችው፤ ሥልጠናውን ወስዳ፣ ተፈትና፣ የካፒቴንነት ፈቃዷን ይዛ መጣች። በቤታችን ፈቃድ ያላት ካፒቴን እሷ ብቻ ናት። የእኔ ማዕረግ ገመድ ያዥ ነው፤ እድገትም አልጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ጀልባዋ ተጎታቿ ላይ ሆና በደረቅ መሬት ስትቆም፣ የገባባት የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ከኋላዋ ግርጌ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለቻት፤ ወደ ሐይቁ ከመግባቷ በፊት ይህች ቀዳዳ ተጠምዝዛ በምትጠብቅ የናስ መክደኛ ትዘጋለች። ባለቤቴ መክደኛዋን ከሩቅ እንድትታይ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባቻት። ቀጥሎም ሕግ አወጣች። መክደኛዋ ከቀዳዳዋ ወጥታ ባለችበት ጊዜ ሁሉ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ጨርቁን የምትፈታው እሷ ብቻ ናት፤ የምትፈታውም መክደኛዋን በገዛ እጇ ካጠበቀች በኋላ ነው። ጨርቁ ካለ ማንም ሞተር አያስነሳም። ጨርቁ ከሌለ ቀዳዳዋ ተዘግታለች ማለት ነው። ይህን ሕግ ልጃችንም፣ እናቴም፣ እኔም በቃላችን እንወጣዋለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። የቅርንጫፋችሁ ሠራተኛ ለጀልባ የተዘጋጀ ቅጽ እንደሌለ፣ ነገር ግን የመኪናው ቅጽ ለማንኛውም ነገር እንደሚሆን በመስኮቱ በኩል በትሕትና አስረዳን። ጎማ የሌላትን ተሽከርካሪ ኮምፒውተሩ አልቀበል ስላለው የተጎታቿን ጎማዎች አበደርናት። በር አንድ ብለን የመጸዳጃውን ጻፍን። በማግስቱ የሠራተኛው አለቃ አልጋና ምድጃ መኖሩን ሲያይ ጉዳዩን ከተሽከርካሪ ወደ መኖሪያ ቤት አዛወረውና፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን ሸክላ፣ ግድግዳውንም ከማን ጋር እንደምንጋራ ጠየቀን። ባለቤቴ ጎረቤቶቻችን ዓሦች እንደሆኑና የአጥር ክርክርም እንደሌለን በረጋ ድምፅ አስረዳችው። በመጨረሻ ሁለቱን ውሎች በአንድ ላይ አያይዛችሁ ሰጣችሁን። እነሆ በዚያ ውል መሠረት ነፍሰ ጡራችን በሐይቁ መካከል ከቀንድ ከብት ጋር ብትጋጭ፣ ወይም ሌባ ጣሪያዋን ነቅሎ ቢገባ፣ ሙሉ ዋስትና አላት። ውሃ ቢገባባት የሚለውን ግን ወረቀቱን ብናገላብጥ፣ ብናገላብጥ አጣነው። ሠራተኛውን ብንጠይቀው «እሱማ በአጠቃላዩ ውስጥ አለ» አለን፤ ልባችንም ቅቤ ጠጣ።

ሦስተኛ፣ መርማሪያችሁን ስለላካችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰውየው የመጣው ጀልባዋ ወደ ሐይቁ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ በነበረችበት ማለዳ ነው። እሷ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ መክደኛዋን አጥብቃ፣ ጨርቁን ፈትታ፣ ወደ ቤት አምጥታ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ ሰቅላዋለች። እንግዲህ ጀልባዋ ተጎታቿ ላይ ተዘግታ በቆመችበት ግቢ ውስጥ እኔና መርማሪያችሁ ብቻ ነበርን። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባት አስሯል። የነፍሰ ጡሯን ሆድ በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ ራሱንም በሐዘን ነቀነቀ። ከዚያም ትርፍ ጎማ ጠየቀኝ። ክሪክ ጠየቀኝ። ሁለቱም የሉም ስለው «ወደፊት ይሟላል» ብሎ ጻፈልኝ፤ ቅን ሰው ነው።

ቀጥሎ እኔን ከመሪው ኋላ አስቀምጦ፣ እሱ ከጀልባዋ በስተጀርባ መሬት ላይ ቆሞ፣ የመንገድ ብቃት ፈተናውን ጀመረ። «ቀኝ ፍሬቻ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀኝ እጄን በመስኮቱ አወጣሁ። «ግራ!» አለ፤ ግራ እጄን አወጣሁ። «ፍሬን ይርገጡ!» አለ። ክቡር ሆይ፣ ጀልባ ፍሬን የላትም። ነገር ግን ከረባት ያሰረ ሰው ሲያዝ አለመታዘዝ አስተዳደጌ ስላልሆነ ወለሉን በኃይል ረገጥኩት፤ «ይሠራል!» የሚል የረካ ድምፅ ከኋላ መጣ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ትዕዛዝ ሳይሰጠኝ ፍሬን መልቀቅ አግባብ ስላልመሰለኝ፣ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ፊት ለፊቴ ያለውን የግቢውን አጥር እያየሁ ቆየሁ። በመጨረሻ እጁን በመሀረብ እየጠረገ መጣና «ዋናው ነገር ተገኝቷል፤ ጨርሰናል» አለኝ። ዋናው ነገር ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ጀልባችን ዋና ነገር ያላት መሆኗን በመስማቴ ብቻ ደስ ብሎኝ እስከ በሩ ሸኘሁት።

በዚያው ዕለት ማኅተም ያረፈበት ክብ ወረቀታችሁ መስታወቷ ላይ ተለጠፈ። ያቺ ክብ ወረቀት ምን እንደሠራች ላጫውትዎት። እናቴ ነፍሰ ጡሯን ከዳር ሆና ብትወዳትም፣ ውሃ ላይ ከእሷ ጋር ለመውጣት ግን እግሬ አይነሳም ብላን ነበር። ባለቤቴ ስትለምናት፣ ልጃችን ስታለቅስባት፣ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ነው የከረመችው። ማኅተሙን ባየች ጊዜ ግን መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ መረመረችውና «ይህን ያህል ትልቅ መሥሪያ ቤት አይቶ ከፈረመበት እኔ ማን ነኝ?» አለች። በማግስቱም ምርጥ ጫማዋን ተጫምታ፣ ቦርሳዋን በጉያዋ ይዛ ተሳፈረች። እኛ ማሳመን ያቃተንን ሰው እናንተ በአንድ ክብ ወረቀት አሳመናችሁልን።

አራተኛውን ነገር በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደነበረ እነግርዎታለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ባለቤቴ ከመነሳታችን በፊት መሪውን አይታ «ጨርቅ የለም» አለች፤ እኛም እንደ ሕጋችን «የለም» ብለን መለስን። ነፍሰ ጡሯ ከተጎታቿ ላይ ቀስ ብላ ሐይቁ ላይ ወረደች። አየሩ የተረጋጋ ነበር። ልጃችን የመንሳፈፊያ ጃኬቷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፤ እናቴ ጃኬቷን ከምርጥ ልብሷ በላይ ደርባ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እታች ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች። ከተነሳንበት ዳርቻ ርቀን ከሄድን በኋላ ከታች የእናቴ ድምፅ ተሰማ፤ ጩኸት አልነበረም፣ እንዲያውም ይሉኝታ ነበረበት። «ልጄ፣ ጫማዬ እየሄደ ነው» አለች።

ባለቤቴ ዝቅ ብላ አየች። ወለሉ ላይ ውሃ ሞልቷል፤ አንደኛው ጫማ በምድጃው በኩል ሲንሳፈፍ ሌላው አይታይም። አልጮኸችም። የውሃ መምጠጫውን አስነሳች፤ «እማማ፣ ይነሱ፣ እጄን ይያዙ» ብላ እናቴን ወደ ላይ አወጣቻት፤ ልጃችንን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ወደ መጣንበት መመለስ ሩቅ መሆኑን አይታ የጀልባዋን አፍንጫ ቅርብ ወደነበረው አሸዋማ ዳርቻ አዞረችና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ያቺ ጥድፊያ አታውቅም የተባለች ጀልባ ያን ቀን ሮጠች። ሆዷ ግማሽ በግማሽ ውሃ ሞልቶ፣ እያጓራች ሄዳ አሸዋው ላይ ወጣች። ማንም ሰው ጭረት አላገኘውም።

ሁላችንም ከወረድን በኋላ ባለቤቴ እናቴን፣ ልጃችንን፣ እኔን በጣቷ ቆጠረችን። ቆጥራ ስትጨርስ እንደገና ቆጠረችን። ከዚያም ወደ ጀልባዋ ጀርባ ዞራ ሄደች፤ ባዶዋን ቀዳዳ አየች፤ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች። «ረስቼው ነው» አለች። ጨርቁ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ብነግራት፣ «ሳልዘጋ ፈትቼው ይሆናል» አለችኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ውሳኔያችሁ። የጉዳት ገማቻችሁ አሸዋው ድረስ መጥቶ ነፍሰ ጡሯን አይቷታል፤ መምሪያዎም ሁለት ምክንያት አቅርቧል። የመጀመሪያው ከላይ ያልኩት የአሽከርካሪዋ ቸልተኝነት ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያማረ ነው፦ ዋስትናው የሚጸናው ጀልባዋ «ሐይቁ ላይ እስካለች ድረስ» ሲሆን፣ ገማቻችሁ ሲደርስ ግን የብስ ላይ ስለተገኘች፣ እዚያም የደረሰችው «በአሽከርካሪዋ የራስ ፈቃድ» ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከውሉ ወሰን ውጪ ነው ይላል። እንግዲህ ባለቤቴ ትንሽ ታግሣ፣ አሮጊት እናቴንና ልጃችንን እንደያዘች ሐይቁ መካከል ብትሰጥም ኖሮ፣ በውሉ ወሰን ውስጥ በጨዋነት እንገኝ ነበር ማለት ነው። ችኩልነታችንን ይቅር ይበሉን፤ ለሚቀጥለው እናስተካክላለን።

የሐይቁ አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም የእናንተን ውሳኔ መሠረት አድርጎ የካፒቴንነት ፈቃዷን ወሰደባት። ስትሰጣቸው አልተከራከረችም። ይህ ነው አንጀቴን የቆረጠው፤ ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ አንዲት ብልቃጥ ተጣማ ማየት የማትወድ፣ ሐኪም በተሳሳተ መጠን ያዘዘውን እንኳ ደውላ የምታሳርም ሴት፣ ቸልተኛ ስትባል አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ዛሬ መድኃኒት ስትሰጥ ያያት ሰው አያውቃትም። ክኒኑን ትቆጥራለች፤ ብልቃጡን ትከድናለች፤ መልሳ ትከፍታለች፤ እንደገና ትቆጥራለች። ወረፋው ከበሩ አልፎ የእግረኛ መንገዱን ይዟል። ቤት ስትመጣ የምድጃውን ጋዝ ዘግታ፣ በሩ ድረስ ሄዳ፣ ተመልሳ ትነካዋለች። ልጃችን ደግሞ ከኋላዋ ሄዳ ትነካዋለች። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ «ጫማ ነው የሄደው፣ ጫማ ይገዛል» እያለች ታጽናናታለች። ባለቤቴ ግን በዚያች ማጽናኛ ውስጥ የምትሰማው ምሕረትን ነው፤ ምሕረት ደግሞ ለአጥፊ ነው የሚሰጠው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ መስተንግዶዎ። ውሳኔው እንዲታይልኝ ለመለመን ቢሮዎ በመጣሁ ዕለት፣ ከጠረጴዛዎ አንፃር ዝቅ ባለችው በዚያች የእንግዳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ አገጬ ከጠረጴዛዎ ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ። ስለዚህም ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ሁሉ በቅርብ ለማየት ታደልኩ። ማራገቢያዎ ሲዞር ወረቀቶችዎ ብድግ ሊሉ ይሞክራሉ፤ ከላያቸው የተቀመጠች አንዲት የናስ ቁራጭ ግን አታስነሳቸውም። ጠመዝማዛ አንገት አላት፤ ጭንቅላቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል።

ዓይኔ እሷ ላይ መቅረቱን አይተው ስለ እሷ በደስታ አጫወቱኝ። የእርስዎን ቃል እነሆ እንዳለ አቀርበዋለሁ፦ «ደስ አትልም? አንድ ጎበዝ መርማሪያችን ነው ያመጣት። መመሪያችን የሻንሲ ቁጥር ከአካሉ ላይ ተነስቶ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ ይላል። ጀልባ ደግሞ ምን ሻንሲ አላት? ሰውየው ፈልጎ ፈልጎ ቁጥር የተቀረጸበት ብረት ይቺን ብቻ ቢያገኝ፣ ቁጥሩን ከሚገለብጥ ብሎ ራሷን ፈትቶ አመጣት። ፋይሉ አልዘጋ ስላለባት እዚህ አስቀመጥኳት።» እንዲህ ዓይነት ሥራውን የሚያከብር ሰው ዛሬ እንደማይገኝም ጨመሩልኝ። የየትኛዋ ጀልባ እንደነበረች ግን አላስታወሱም፤ ብዙ ሥራ አለብዎት። ወዲያው የእኛን ፋይል ገልጠው፣ በዚያው አንደበትዎ፣ ባለቤቴ መክደኛዋን ባለመግጠሟ ያደረሰችውን አደጋ ያነቡልኝ ጀመር።

ክቡር ሆይ፣ ጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሐይቅ የት እንዳለ፣ ወንዝ ከየት እንደሚነሳ እናገራለሁ፤ ለዚህ ግን ቃል አልነበረኝም። አፌን እስክከፍት ድረስ እርስዎ በጸሐፊዎ መዘግየት ተቆጥተው «እዚያ ያለችው ፋርማሲስት ምን ነካት?» እያሉ ስልክ መደወል ስለጀመሩ፣ ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነግረው በእጅዎ በሩን አሳዩኝ። መክደኛዋን አንስቼ ኪሴ ልከታት አስቤ ነበር። የሰውን ዕቃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፈትቶ መሄድ ግን ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከድርጅትዎ ስለተማርኩ፣ ባለሙያ ያልሆንኩበትን ነገር ተውኩት።

እየበረርኩ ቤት ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝና «እኔን ለማጽናናት ብለህ ይህን ሁሉ መፍጠርህ ደስ ይላል፤ ግን ማን እንዲህ ያደርጋል?» አለችኝ። ብምል፣ ብገዘት አላመነችኝም። ልፈርድባት አልቻልኩም፤ መርማሪ ከጀልባ ላይ የውሃ መከላከያዋን ነቅሎ፣ መምሪያው ደግሞ የተነቀለችውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ለምን አልነበረችም?» ብሎ ይከሳል ቢባል ማንኛውም ጤነኛ ሰው አያምንም። ድርጅትዎ የሠራው ስህተት እውነት እስከማይመስል ድረስ ትልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ገመድ ያዥ ብቻ ነኝ፤ ማኅተም የለኝም።

ማኅተም ያላችሁ እናንተ ናችሁ። እናቴን ያሳፈረው የእናንተ ማኅተም ነው፤ ባለቤቴን ያዋረዳትም እሱ ነው፤ የሚያነሳትም ከእሱ በቀር ሌላ የለም። «መክደኛዋን አልረሳችም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጻፉልን። ግልባጩን ለሐይቁ አስተዳደር ያድርሱልን። መመሪያ ያስፈልጋል የሚሉ ከሆነ የመኪናውንም ሆነ የቤቱን ቅጽ ለመሙላት ዝግጁ ነኝ፤ ልምድ አለኝ።

ማራገቢያዎ ሳያቋርጥ እንዲዞር፣ ወንበርዎ ከእንግዳው ወንበር ከፍ እንዳለ እንዲኖር፣ ወረቀቶችዎም የኛይቱ መክደኛ ስትነሳ የሚጫናቸው ሌላ የሰው ዕቃ እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣ መርማሪዎ «ይልቀቁ» ስላላለኝ ፍሬኑን እስከ ዛሬ ረግጬ ምላሽዎን የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ
የካፒቴኗ ባል
በማዕረጉ ገመድ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ ያን ዕለት የዘገየችበት ፋርማሲ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ከመንገዱ ማዶ ያለው ነው። እዚያ ያለችው ፋርማሲስት ምን እንደነካት ጠይቀው ነበር፤ እነሆ አሁን ያውቁታል። መክደኛዋን በፖስታ አይላኳት፤ በእጅዎ ይዘው፣ በእግርዎ መንገዱን ተሻግረው ይምጡና ከሰው ጋር ወረፋ ይያዙ። ተራዎ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡላት፤ ንግግር አያስፈልግም። ወረፋው ቢረዝምብዎት ግን አይቆጡ፤ ቸልተኛ ካሏት ወዲህ ክኒንዎን ደጋግማ የምትቆጥረው አንዲትም እንዳትጎድልብዎት ብላ ነው።